ምርጫ፣ ማስበለጥ፣ ፈቃድ

በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚሰጠው የከፍተኛ ማይክሮኢኮኖሚክስ ትምህርት ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ገበያ አንዲት ቃል ከመናገሩ አስቀድሞ ስለ ሰው ይናገራል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በመጀመሪያ ዓመታቸው የሚማሩበት፣ አንድሬው ማስ-ኮሌል፣ ማይክል ዊንስተንና ጄሪ ግሪን በ1995 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት መጽሐፍ 23 ምዕራፎች አሉት፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያወሳው ግን ሸማቹ ገንዘብ ይዞ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ስላለው ነገር፣ ማለትም አንዱን ነገር ከሌላው ስለ ማስበለጡ ነው። እዚያ ላይ ሰው ሁለት ሁኔታዎችን ብቻ እንዲያሟላ ይጠየቃል። አንደኛው ምሉዕነት ይባላል፤ ይህም ማናቸውም ሁለት አማራጮች ቢቀርቡለት «ይህ ከዚያ አያንስብኝም» ወይም «ያኛው ከዚህ አያንስብኝም» ብሎ መፍረድ ይችላል፣ «እነዚህ የሚነጻጸሩ አይደሉም» ብሎ አያመልጥም ማለት ነው። ሁለተኛው ተሸጋጋሪነት ነው፤ ጠጅን ከጠላ፣ ጠላን ከውሃ የሚያስበልጥ ሰው ጠጅን ከውሃ ማስበለጥ ግድ ይሆንበታል። ሁለቱን ያሟላ ሰው በትምህርቱ ቋንቋ «ራሽናል» ይባላል፤ የሚያስበልጠው ነገር መልካም ይሁን ክፉ፣ ለማስበለጡ ምክንያት ይኑረው አይኑረው ግን አይጠየቅም።

ይህ አጀማመር ለሒሳብ ስለሚመች ብቻ የተወሰደ የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን በዝምታ የሚመልሰው አንድ ጥንታዊ የፍልስፍናና የሃይማኖት ጥያቄ አለ። ጥያቄው፣ ሰው የመረጠው ሁሉ የፈቀደው ነውን የሚል ነው። አሪስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው ድርሳን 3ኛ ክፍል ምርጫን ከፍትወትም ከምኞትም ለይቶ፣ ከምክክርና ከማሰላሰል በኋላ የሚመጣ ነገር አድርጎታል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት 7ኛ ምዕራፍ፣ ሰው በጎውን እየወደደ የሚጠላውን ሲያደርግ ስለሚገኝበት ሁኔታ በምሬት ይናገራል። ለሁለቱም በመሻትና በማድረግ መካከል ክፍተት አለ፤ ተጋድሎም ንስሐም የሚኖሩት በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። የማይክሮኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ምዕራፍ ክፍተቱን ይደፍነዋል፤ የደፈነው ንድፈ ሐሳብ ግን ራሱ በረቀቁት ሥራዎቹ ዳግም ሊከፍተው ተገዷል።

ንድፈ ሐሳቡ ወደዚህ አቋም የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። የእንግሊዙ ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም ደስታና ሕመም እንደ እህል የሚሰፈሩ፣ የአንዱ ሰው ከሌላው ጋር የሚደመሩ አድርጎ ያስብ ነበር፤ ፍራንሲስ ኤጅዎርዝም በ1881 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ደስታ በየቅጽበቱ የሚመዘግብ መሣሪያ እስከ ማለም ደርሶ ነበር። ሊዮኔል ሮቢንስ ግን በ1932 ስለ ኢኮኖሚክስ ሳይንስ ባሕርይ በጻፈው ድርሰት፣ የአንዱን ሰው ርካታ ከሌላው ሰው ርካታ ጋር ማወዳደር በሳይንስ የማይረጋገጥ የእሴት ፍርድ እንደሆነ ተከራከረ። ፖል ሳሙኤልሰን ደግሞ በ1938 ርካታ የሚለውን ቃል ራሱን ከሸማች ንድፈ ሐሳብ ለማስወጣት ተነሣ፤ መንገዱም የሰውን ልብ መመርመር ትቶ እጁን መመልከት ነበር። አንድ ሰው ሁለት ዓይነት አስቤዛ ለመግዛት አቅሙ እየቻለ አንደኛውን ከገዛ፣ የገዛውን ካልገዛው ማስበለጡን ገልጧል፤ ስለዚህ በሌላ ቀን የመጀመሪያውን መግዛት እየቻለ ሁለተኛውን ቢገዛ ከራሱ ጋር ይጣላል። ይህ ሁኔታ ደካማው የተገለጠ ማስበለጥ አክሲየም ይባላል፤ አክሲየም ማለት ሳይረጋገጥ ተቀባይነት አግኝቶ ሌላው ሁሉ የሚገነባበት መነሻ ነው።

በዚህ አካሄድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይመሰገን ትሕትና አለ። ንድፈ ሐሳቡ ድኻውን «ይህን ልትሻ ይገባሃል» አይለውም፤ ሕዝብ የሚሻውን ከሕዝቡ ይልቅ እናውቃለን ያሉ መንግሥታትና ሰባኪዎች ያደረሱትን ጉዳት ለሚያስታውስ ሰው፣ የሌላውን ልብ አልዳኝም የሚል ሳይንስ ክብር ይገባዋል። ችግሩ የሚመጣው አልዳኝም ማለት ሳይታወቅ ወደ የሚዳኝ ነገር የለም ማለት ሲንሸራተት ነው።

ለዚህ ከጾም የተሻለ መፈተኛ አይገኝም። አንድ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ዓርብ ዕለት ሽሮና ጥብስ በአንድ ዋጋ ቀርበውለት ሽሮውን ያዝዛል፤ በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ በዚያው ዋጋና በዚያው ገንዘብ ጥብሱን ያዝዛል። ስለ ጾም ምንም የማያውቅ ተመልካች የእጁን ሥራ ብቻ ቢመዘግብ፣ ሰውዬው የሳሙኤልሰንን አክሲየም ጥሷል ብሎ ይደመድማል። ለዚህ ንድፈ ሐሳቡ መልስ አያጣም። ጄራርድ ደብሩ በ1959 ባሳተመው የዋጋ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ አንድ ሸቀጥ የሚታወቀው በግዙፍ ባሕርዩ ብቻ ሳይሆን በሚገኝበት ቀንና ቦታም ጭምር እንደሆነ ደንግጓል፤ በዚህ መሠረት የዓርብ ጥብስና የቅዳሜ ጥብስ ሁለት የተለያዩ ሸቀጦች ናቸው፤ ጠቡም ይበርዳል። ነገር ግን መፍትሔው በነጻ የተገኘ አይደለም። ሸቀጥን እንዲህ እየከፋፈሉ መሄድ ከተፈቀደ ንድፈ ሐሳቡን ሊቃረን የሚችል ምንም ዓይነት ድርጊት አይቀርም፤ ምንም ሊቃረነው የማይችል አባባል ደግሞ ስለ ዓለም የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ጉድለትም አለ። በመዝገቡ ላይ የሚቀረው፣ ሰውዬው ዓርብ ዕለት ሽሮን ከጥብስ አስበለጠ የሚል ነው። ጿሚው ራሱ ቢጠየቅ ግን ሥጋው እንዳማረው፣ ስላማረውም መተዉ ጾም እንደሆነለት ይናገራል። ሥጋ የማይወድ ሰው ሥጋ በመተው አይጾምም፤ የተወው ነገር የለምና። አማርትያ ሴን ረሀብተኛንና ጿሚን እያነጻጸረ ያስረዳው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ሁለቱም በሆዳቸው የገባው እኩል ሊሆን ይችላል፣ ጿሚው ግን መብላት እየቻለ የተወ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በተበላው ነገር ሳይሆን በተተወው ነገር ውስጥ ይገኛል። እንደዚሁም ሰው እንዲያየው የሚጾምና በስውር የሚጾም ሁለት ሰዎች በአንድ ማዕድ ቀርበው አንድ ዓይነት ሽሮ ቢበሉ፣ የንድፈ ሐሳቡ መዝገብ ላይ አንድ ናቸው፤ በወንጌሉ ሚዛን ግን አንደኛው ዋጋውን ከሰው ተቀብሎ ጨርሷል። እርግጥ ነው፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ምን ያህል በግ እንደሚሸጥ ለመተንበይ ይህ ልዩነት አያስፈልግም። ለመተንበይ የማያስፈልግ ነገር ለማወቅም አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ ግን እርሱ ከኢኮኖሚክስ ወጥቶ ፍልስፍና ውስጥ ገብቷል፤ ያውም ደካማ ፍልስፍና ውስጥ።

የተለመደው መከላከያ፣ ጿሚው በመጾሙ የሚያገኘው የኅሊና ርካታ ከጥብሱ ርካታ ስለሚበልጥበት ነው የጾመው የሚል ነው። ሴን በ1977 ስለ አመክንዮአውያን ሞኞች በጻፈው ዝነኛ መጣጥፍ ይህን መከላከያ በሁለት ቃላት ይፈታዋል። አንደኛው ርኅራኄ ሲሆን የሌላው ሥቃይ ራስን የሚያሳምምበት ሁኔታ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ሌላውን ሲረዳ የራሱንም ሕመም ያስታግሳልና ንድፈ ሐሳቡ ያለ ችግር ይይዘዋል። ሁለተኛው ለያዙት ነገር መታመን ነው፤ ሰውዬው በነገሩ ባይታመምም፣ እንዲያውም ቢጎዳበት እንኳ፣ ተገቢ አይደለም ብሎ ስላመነ ይተወዋል ወይም ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ የተመረጠው ነገርና መራጩን የሚጠቅመው ነገር ይለያያሉ። የሁለቱ አንድነት ከፈረሰ ደግሞ ምርጫን አይቶ ደኅንነትን የሚያሰላው የትምህርቱ ክፍል መሠረቱ ይናጋል።

እዚህ ላይ የአማርኛና የግእዝ ቃላት ለነገሩ ብርሃን ይሰጣሉ። በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ፈለገ፣ ወደደ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ቃሉ ተሻግሮ እንዲሆን ለቀቀ፣ አሰናበተ የሚል ትርጉም ይዟል። «ፈቃድ» የሚለው ስም ሁለቱንም አቅፎ ቀርቷል፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሲባል ሐሳቡና መሻቱ ነው፣ የሥራ ፈቃድ ሲባል ደግሞ ፈቃዱን የሰጠ ባለሥልጣን አለ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሃሪ ፍራንክፈርት በ1971 ሰውን ከእንስሳ የሚለየው መሻቱ ሳይሆን መሻቱን መሻት ወይም አለመሻት መቻሉ ነው ሲል የተከራከረው ነገር በአማርኛ በአንድ ቃል ሊነገር ይችላል፤ ሰው የሚያምረው ብዙ ነው፣ የሚፈቅደው ግን ካማረው መካከል ይሁን ብሎ የለቀቀውን ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፈቃደ ሥጋና ፈቃደ ነፍስ እያለ የሚለየውም በአንድ ሰው ውስጥ ከአንድ የሚበልጥ የማስበለጥ መዝገብ እንዳለና ከመዝገቦቹ አንዱ በሌላው ላይ ሊፈርድ እንደሚገባ ስለሚያምን ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ያለው ሰው መዝገቡ አንድ ብቻ ስለሆነ ሊፈቅድ አይችልም፤ የሚፈቅድለትም የሚከለክለውም በውስጡ የለም።

የሚገርመው፣ ይህ ጉድለት ከውጭ በመጡ ተቺዎች ብቻ ሳይሆን ከቤተኞቹ በመጣ ሒሳብም መታየቱ ነው። ፋሩክ ጉልና ቮልፍጋንግ ፔሰንዶርፈር በ2001 በኢኮኖሜትሪካ መጽሔት ስለ ፈተናና ራስን ስለ መግዛት ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ከቀረበለት ማዕድ ምን እንደሚመርጥ ከመጠየቃቸው በፊት የትኛው ማዕድ እንዲቀርብለት እንደሚሻ ጠየቁ። በቀድሞው ንድፈ ሐሳብ ብዙ አማራጭ ያለበት ማዕድ ከጥቂቱ አያንስም፤ የማይፈልገውን መተው ይችላልና። በአዲሱ ግን ሽሮ ብቻ ያለበት ማዕድ ሽሮና ጥብስ ካሉበት ሊበልጥ ይችላል፤ ምክንያቱም ሰውዬው በሁለተኛው ማዕድ ላይ በመጨረሻ ሽሮውን ቢመርጥ እንኳ ከጥብሱ ሽታ ጋር ሲታገል ይደክማል። በዐቢይ ጾም በራቸውን የሚዘጉ ሥጋ ቤቶች ባሉበት አገር ይህን ለማስረዳት ረጅም መግቢያ አያስፈልግም። በ1938 ከንድፈ ሐሳቡ የተባረረው የልብ ትግል በ2001 ራስን የመግዛት ዋጋ ተብሎ፣ የሒሳብ ምልክት ተሰጥቶት ተመለሰ። ሆኖም የተመለሰው በግማሽ ጎኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቀመሩ ውስጥ ትግል ወጪ ብቻ ነው፤ የሚመረጠው ነገር አንድ እስከሆነ ድረስ፣ ፈተና የሌለበት ማዕድ ምንጊዜም ፈተና ካለበት ይሻላል ወይም ይተካከላል። በበረሃ የኖሩ መነኮሳት ግን ከከተማው ማዕድ ሸሽተው ሲሄዱ ፈተናው በአሳብ መልክ እንደተከተላቸው፣ እርሱንም ማሸነፍ የመጡበት ሥራ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ለእነርሱ ትግሉ የተገኘው ነገር አካል እንጂ ከተገኘው ላይ የሚቀነስ አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰጠው ሌላው መነሻ ቀጣይነት ይባላል፤ ሲተረጎምም፣ የአማራጮች ጥቂት መለዋወጥ ፍርድን በድንገት አይገለብጥም ማለት ነው። ደብሩ በ1954 ያረጋገጠው ይህ ሁኔታ ሲሟላ የሰውን ማስበለጥ በቁጥር መግለጽ እንደሚቻል ነው። ይህን የማያሟላው ዝነኛ ምሳሌ የመዝገበ ቃላት ቅደም ተከተል የሚባለው ነው፤ ቃላት በመጀመሪያው ፊደል እንደሚደረደሩና ሁለተኛው ፊደል የሚታየው የመጀመሪያው አንድ ሲሆን ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ እንዲህ ያለው ሰው የመጀመሪያው ነገር ቅንጣት ታህል እስከበለጠ ድረስ ሁለተኛውን አይመለከትም። ሁለቱም ነገሮች ያለ ማቋረጥ የሚጨምሩና የሚቀንሱ ከሆኑ፣ ይህን ሰው በትክክል የሚገልጽ አንድም የርካታ ቁጥር እንደሌለ በሒሳብ ይረጋገጣል። ከቅድስና የሚቀነሰውን ጥቂቷን እንኳ በምንም ዓይነት ሀብት የማይለውጥ ሰው እንዲህ ያለ ነው። ለጥንቃቄ ያህል፣ ጉዳዩ መካድና አለመካድ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም መካከለኛ ደረጃ ከሌለው፣ ቁጥሩ ይገኛል፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ ላይ ገደል ያለበት ቁጥር ነው። ተማሪው ይህን ምሳሌ በአንድ ገጽ ያልፈዋል፤ ለፈተናም ማረጋገጫውን ያጠናል። ዳሩ ግን በዚያች ገጽ ላይ የተቀመጠው፣ የሰማዕታት ገድል ስለ ሰው የሚናገረውን ነገር ለሒሳቡ እንዲመች በመነሻ ግዴታ ወደ ውጭ የማውጣት ውሳኔ ነው፤ ሁሉም ነገር ማካካሻ አለው የሚለው እምነት በጥናት የተገኘ ውጤት ሳይሆን የመግቢያ ዋጋ ነው።

በሮቢንስ ጊዜ የተቆረጠው የሰዎችን ርካታ ያለማወዳደር ውል የሚጠየቀው በ21ኛው ምዕራፍ፣ ስለ ማኅበራዊ ምርጫ በሚነገርበት ክፍል ነው። ኬኔት አሮው በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ አማራጮች ሲኖሩ፣ የየሰዉን ቅደም ተከተል ብቻ ተቀብሎ ለማኅበረሰቡ አንድ ወጥ ቅደም ተከተል የሚያወጣ፣ ሁሉም የተስማሙበትን የሚያከብር፣ ሁለቱን አማራጮች ሲያወዳድር ሦስተኛውን ጣልቃ የማያስገባ፣ ደግሞም የአንድን አምባገነን ቃል ብቻ የማይከተል ደንብ የለም። ብዙዎች ይህን ቲዎረም ዴሞክራሲ የማይቻል መሆኑን እንዳረጋገጠ አድርገው ያወሩታል። ይልቁንስ የሚለው ነገር ስለ ሰዎች በጣም ጥቂት ነገር ብቻ ለማወቅ የፈቀደ ፈራጅ በትክክል ሊፈርድ አይችልም የሚል ነው። ሴን በ1970 በመጽሐፉ እንዳስረዳው፣ የአንዱን ሰው ሁኔታ ከሌላው ጋር ማወዳደር ሲፈቀድ መውጫ መንገዶች ይከፈታሉ። እስከዚያ ድረስ ግን ከጠገበው ሰው ፊት አንድ እንጀራ አንሥቶ ለተራበው መስጠት መሻሻል ነው ለማለት ንድፈ ሐሳቡ ቃል የለውም፤ ከፓሬቶ ስም ጋር የተያያዘው መለኪያ ማንም ሳይጎዳ አንዱ የሚጠቀምበትን ለውጥ ብቻ ያጸድቃልና፣ ጥጋብና ጠኔ ጎን ለጎን ያሉበት ማኅበረሰብም በዚህ መለኪያ እንከን የለሽ ሊሆን ይችላል። የተራበን መመገብ ግዴታ መሆኑን ለሚያስተምር ማንኛውም ሃይማኖት ይህ ዝምታ ገለልተኛነት አይደለም።

ትምህርቱ በተማሪው ልብ ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄም ተነሥቷል። ጄራልድ ማርዌልና ሩት ኤምስ በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ለተሳታፊዎች የተሰጣቸውን ለግል መያዝ ወይም ለቡድኑ ማዋጣት ሲቻል፣ ሌሎቹ በአማካይ 49 ከመቶውን ሲያዋጡ የድኅረ ምረቃ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ያዋጡት 20 ከመቶ ነበር። ተማሪዎቹ ገና በትምህርታቸው መጀመሪያ ላይ ስለነበሩ ውጤቱን በማስተማሩ ማሳበብ ያስቸግራል፤ ምናልባት ትምህርቱን የሚመርጡት ሰዎች ቀድሞውንም እንዲያ ያሉ ይሆናሉ። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደነግጠው ሌላው ግኝት ነው፤ በጉዳዩ ላይ ፍትሐዊ የሚሉት ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ከኢኮኖሚክስ ተማሪዎቹ ከሲሶ የሚበልጡት ወይ አልመለሱም ወይ መልሳቸው ሊመደብ የማይችል ውስብስብ ነበር። ስግብግብ ሰው ፍትሕን እያወቀ ይጥሳል፤ ስለ ፍትሕ ሲጠየቅ ቃል የሚያጣ ሰው ግን ሌላ ዓይነት ድኽነት ይዞታል።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፕሪፈረንስ»ም «ቾይስ»ም አብዛኛውን ጊዜ ምርጫ ተብለው ይነገራሉ፤ በዚህም ሳሙኤልሰን ብዙ የደከመበትን ውሕደት የአማርኛው ትርጉም ያለ ድካም ይፈጽመዋል። የትምህርቱን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሲነሣ፣ የመጀመሪያውን ማስበለጥ፣ ሁለተኛውን ምርጫ ብሎ ይለያቸው፤ ፈቃድ የሚለውን ቃል ግን በ23ቱም ምዕራፎች ውስጥ ለአንዱም ቀመር ስም አድርጎ አያውለው።